የሚያልበው ማንቆርቆሪያ

ባለፈው ክረምት አዲስ ማንቆርቆሪያ ገዛሁ። የደሴን ክረምት የቀመሰ ያውቀዋል። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃፍ ላይ ይተኛል። ሰው ሲወጣ ጃኬት፣ ሲገባ ሻይ ይፈልጋል። አሮጌው ማንቆርቆሪያዬ ደግሞ ቂጡ ተበስቶ ነበር። ፒያሳ ወርጄ፣ ዋጋ ተከራክሬ፣ የሚያብረቀርቅ አንድ ይዤ ተመለስኩ።

ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሞላሁት። ቡታጋዙን ለኮስኩና ጣድኩት። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጎኑ ረጠበ። ትናንሽ ጠብታዎች ተሰለፉ፣ ወደ ቂጡ ተንሸራተቱ፣ እሳቱ ላይ እየወደቁ «ጭሽ» ማለት ጀመሩ። ይሄም ያፈሳል እንዴ! አወረድኩት። በጨርቅ አደረቅኩትና ወረቀት ላይ አስቀመጥኩት። ወረቀቱ ደረቅ እንዳለ ቆየ። መልሼ ጣድኩት። መልሶ አላበው።

በማግስቱ ተሸክሜው ሱቁ ሄድኩ። ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። ባለሱቁ ግን አልተጣላኝም። ውሃ ሞላውና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። «ቁጭ በል፣ አብረን እንየው» አለኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ስለ ስኳር ዋጋ አወራን። አንዲት ጠብታ አልወጣችም። «ወንድሜ፣ ዕቃው ጤነኛ ነው» አለ እየሳቀ። «ይልቅ እሳትህን አስመርምረው።»

አፍሬ ወጣሁ። ሰውዬው በቀልድ የተናገረው ግን እውነት ሆኖ ተገኘ። ውሃው የመጣው ከእሳቱ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡታጋዝ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠራ ነው። ሲነድ ሁለቱም ከአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ይጋባሉ። ካርቦኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ሃይድሮጅኑ ውሃ ይሆናል። ውሃው በእንፋሎት መልክ ስለሚወጣ አናየውም። ቀዝቃዛ ብረት ሲያገኝ ግን ጠብታ ሆኖ ይለጠፋል። ማንቆርቆሪያው ከሞቀ በኋላ ላቡ የሚጠፋውም ለዚህ ነው፤ የሚያርፍበት ቀዝቃዛ ቦታ አያገኝም።

መጠኑን ሳሰላ ደነገጥኩ። 1 ኪሎ ቡታጋዝ ሲነድ ከ1 ኪሎ ተኩል በላይ ውሃ ይወጣዋል። ትርፉ ክብደት ከአየሩ የተወሰደው ኦክስጅን ነው። 12 ኪሎ ጋዝ የያዘ ሲሊንደር ተቃጥሎ እስኪያልቅ ከ18 ሊትር በላይ ውሃ ቤቴ ውስጥ ይለቃል። አንድ እንስራ ሊሞላ ትንሽ ቢቀረው ነው። በክረምት መስኮቴ ለምን እንደሚያለቅስ የገባኝ ያን ቀን ነው። እኔ ጥፋቱን ሁሉ በጭጋጉ ላይ ስጭን ኖሬያለሁ።

ከዚህ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቀኝ አለ። ውሃ ለምን አይነድም? እስከዚያ ድረስ ጠይቄው አላውቅም። ውሃ ውሃ ስለሆነ ነዋ! መልሱን ሳገኘው ግን ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ውሃ የማይነደው አንዴ ነዶ ስላበቃ ነው። እንጨት ነዶ አመድ ይሆናል። አመዱን መልሰህ ብትለኩሰው እምቢ ይላል። ውሃም የሃይድሮጅን አመድ ነው። «እሳት አመድ ወለደ» ሲባል ስንሰማ ልጅየው ከአባቱ አነሰ ማለት ነው ብለን ነው ያደግነው። እሳት ሌላም ልጅ አለው ለካ። ያኛው ደግሞ አባቱን ያጠፋል።

ይህን የማያውቅ እኔ ብቻ አልነበርኩም። የእኛ ሊቃውንት ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት ተፈጠረ ይላሉ። ግሪኮቹም ስለ ዓለም ተመሳሳይ ነገር ብለዋል። እሳት ለብቻው፣ ውሃ ለብቻው። ነገሩ የተናጋው በፈረንጆቹ 1780ዎቹ ነው። እንግሊዝ አገር ሄንሪ ካቨንዲሽ የሚባል ዝምተኛ ሀብታም፣ ሃይድሮጅንን እያቃጠለ ከዕቃው ውስጥ ንጹሕ ውሃ ሰበሰበ። በ1783 ደግሞ ፓሪስ ላይ አንቷን ላቩዋዜ ውሃ ራሱን የቻለ አንድ ነገር ሳይሆን ከሁለት ነገሮች የተሠራ መሆኑን ተናገረ። ዓለም ይህን ካወቀ ገና 250 ዓመት አልሞላውም። እኔማ ማንቆርቆሪያ ተሸክሜ ብሄድ ምን ይፈረድብኛል?

*

ያደግኩት ሐይቅ ከተማ አጠገብ፣ አያቶቼ ዘንድ ነው። ከደጃችን ቁልቁል ሐይቁ ይታያል። የአካባቢው ሰው ስለ አያቶቼ ሲያወራ «እሳትና ውሃ ናቸው» ይል ነበር። አባባ ቶሎ የሚነዱ ሰው ናቸው። በሬ ማሳ ገባ፣ ልጅ ዘገየ፣ ጨው በዛ፣ ብቻ ምክንያት አይጠፋም። አያቴ ደግሞ ድምጿን ከፍ ስታደርግ ሰምቼ አላውቅም። አባባ ሲጮኹ እሷ ከሰሏን ታያይዛለች። ቡናዋን ታጥባለች፣ ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ ጀበናዋን ትጥዳለች። አቦል ላይ አባባ ገና ያጉረመርማሉ። ቶና ላይ ዝም ይላሉ። በረካው ሲደርስ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ፤ ለበሬውም፣ ለዘገየው ልጅም፣ ጨው ላበዛችውም።

ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ጠየቅኳት። «እማ፣ አንቺና አባባ እሳትና ውሃ ናችሁ ይላሉ። እሳትና ውሃ አንድ ቤት እንዴት ይኖራሉ?»

ቀና አላለችም። ፍሙን እየቆሰቆሰች ጀበናዋን በአገጯ አመለከተችኝ። «እነሱስ አብረው አይደል እንዴ የሚውሉት? መሐላቸው ሸክላ አለ» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም። አሁን እነሆ በዚህ ዕድሜዬ ስለ ሸክላ ሳስብ እውላለሁ።

ሸክላ ስትሠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስትሠራ ማለቴ ሸክላ ሠሪዋ ናት። በእኛ አገር ይህ የሴት ሥራ ነው። ጥበቡን ያህል ክብር ያላገኘ ሥራም ነው። እንጀራችንን የምንጋግርበትን የሠራችልንን ሴት በስድብ ስንጠራት ኖረናል። ልጅ ሆኜ እኔም ጠርቻለሁ፤ አልደብቅም።

ሥራው የሚጀምረው ከውሃ ነው። ያለ ውሃ ጭቃ የለም፣ ያለ ጭቃ ቅርጽ የለም። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩ ላይ ደቆ የተነፋ ገል ትጨምራለች፤ ገል ማለት የተሰበረ አሮጌ ሸክላ ነው። የተሰበረ እንስራ አዲስ ጀበና ውስጥ ይገባል። ይህ ለቁጠባ ብቻ አይደለም። ገሉ ጭቃው ውስጥ ቀዳዳ ያበዛል። ውሃው ሲወጣ መንገድ ያገኛል፣ ዕቃው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝም ቶሎ አይሰነጠቅም።

ከዚያ ማድረቅ ይመጣል። ችኩል ሸክላ ሠሪ እዚህ ላይ ትከስራለች። ውስጡ እርጥብ የሆነ ዕቃ እሳት ውስጥ ከገባ የተደበቀው ውሃ እንፋሎት ይሆናል። ውሃ እንፋሎት ሲሆን ደግሞ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። አንድ ብርጭቆ ውሃ አንድ ትልቅ በርሜል የማይበቃው እንፋሎት ይሆናል ማለት ነው። መውጫ ካጣ ዕቃውን ያፈነዳዋል። የአንዱ ፍንጥርጣሪ ደግሞ ጎረቤቱን ይሰብራል። «ለደረቅ የመጣ ለእርጥብ ይተርፋል» እንላለን። እዚያ እሳት ውስጥ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ የአንዱ እርጥብ መዘዝ ለደረቆቹ ይተርፋል።

ዋናው ምሥጢር ከዚህ በኋላ ነው። ፀሐይ ላይ የደረቀ ጭቃ ዝናብ ቢያገኘው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። በውስጡ ግን ፀሐይ የማታወጣው ሌላ ውሃ አለ። ከአፈሩ ጋር የተሳሰረ ነው። ሙቀቱ 500 ዲግሪን አልፎ ሲወጣ ይህ ውሃ ይለቃል። አንዴ ከለቀቀ አፈሩ ተለውጧል። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ውሃ ውስጥ ቢዘፈዘፍ ጭቃ አይሆንም። ቢሰበር እንኳ ገል ይሆናል እንጂ አፈር አይሆንም። ውሃ መያዝ የሚችለው እሳት ውሃውን ነጥቆ ስለጨረሰበት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ከጻፍኩ በኋላ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልክ ነው።

አያቴ ዕቃ የምትገዛው ከባቲ ነበር። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። አፋሩ ከግመሉ ጋር፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሁሉም እዚያ ይገናኛል። አያቴ እንስራውን አንስታ በጣቷ ኳ ታደርገዋለች። ጆሮዋን አስጠግታ ትሰማለች። ድምጹ ጥርት ካለ ትገዛለች። «ቧ» ካለ፣ ስንጥቅ አለው፣ ትመልሳለች። የጀበናዋን ግዢ ሳስታውስ የምስቀው በክርክሯ ነው። ዋጋ አትከራከርም። «በረካ አለው?» ትላለች። ሻጯ «ወላሂ አለው» ካለች ጨርሳለች።

ቤት ሲመጣ ማሟሸት አለ። አዲስ ጀበና እንዲሁ አይጣድም። ውሃና አሮጌ የቡና አተላ ይፈላበታል፣ ይደፋል፣ እንደገና ይፈላበታል። ምጣድ ከሆነ ጎመን ዘር ተወቅጦ ይታሽበታል። የሸክላው ትናንሽ ቀዳዳዎች የሚደፈኑት ያን ጊዜ ነው። እንስራ ግን አይደፈንም። እሱ ማላብ አለበት። የላበው ውሃ ከጎኑ ላይ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ ውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። በእሳት የተወለደው ዕቃ ውሃ ሲያቀዘቅዝ ይውላል። ባቲ በፀሐይ ስትነድ ከእንስራ የተቀዳ ውሃ የጠጣ ሰው ፍሪጅ አይናፍቀውም።

*

አያቴ ስለ እሳት ቆጣቢ ናት። ጀበናው «ገር ገር» ማለት ሲጀምር እንጨቱን ወደ ኋላ ትስባለች። እኔ ልጅ ሆኜ እሳት መጨመር ደስ ይለኝ ነበር። «ተው፣ ፈላ ማለት ፈላ ነው። ከፈላ በኋላ የምትጨምረው እንጨት ጣሪያ ለማሞቅ ነው» ትለኛለች።

ፊዚክስ አስተማሪዬ ይህንኑ ለማስረዳት አንድ ክፍለ ጊዜ ፈጅቶበታል። ውሃ ከፈላ በኋላ የቱንም ያህል ብታነድበት ሙቀቱ አይጨምርም። ትርፉ እሳት ሁሉ ውሃውን እንፋሎት ለማድረግ ይውላል። ያ ደግሞ ብዙ እሳት ይበላል። 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃን ደሴ ላይ ለማፍላት 300 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ይበቃል። ያንኑ ውሃ እንፋሎት አድርጎ ለመጨረስ ግን ከ7 እጥፍ በላይ ያስፈልጋል። ውሃ እሳትን የሚያጠፋውም በዚሁ ሆዳምነቱ ነው። ሙቀቱን ይበላዋል። እንጨቱ ለመንደድ የሚያስፈልገውን ያህል ሳይሞቅ ይቀራል።

አንድ ቀን ከደብተሬ ወረቀት ገንጥዬ ትንሽ ሳጥን አጠፍኩ። ውሃ ጨመርኩበትና ሻማ ላይ ያዝኩት። ውሃው ሞቀ፣ ፈላም። ወረቀቱ አልነደደም። ውሃው ከሥሩ ሙቀቱን እየነጠቀው ወረቀቱ የሚነድበት ደረጃ ላይ አይደርስም። ጀበናም ምስጢሩ ይኸው ነው። ውሃ እያለው ደህና ነው። ውሃው አልቆ ባዶውን ፍም ላይ ከተረሳ ግን ጧ!

ደሴ ላይ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ውሃውን ከላይ የሚጫነው ክብደት ስለሚያንስ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ ስትገባ 94 ይሆናል። አቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ፣ 4,260 ሜትር ላይ ብትጥደው፣ 86 ገደማ ላይ ይፈላልሃል። ወደ አፋር ወርደህ ከባሕር ጠለል በታች ያለው ደንከል ከደረስክ ደግሞ ከ100 ያልፋል።

ኮምቦልቻ የምትኖር አክስት አለችኝ። ደሴ ስትመጣ ሁሌ የምታነሳው ነገር አላት። «እናንተ ጋ ባቄላ አይበስልም፤ ሴቶቻችሁ እሳት አያውቁም።» እናቴ ትናደዳለች። ባቄላው ጥራጥሬ አይደለ፣ የሚያበስለው የውሃው ሙቀት ነው። 92 ዲግሪ ላይ ከ94 የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ይህን አስረድቼ ሁለቱን ለማስታረቅ ሞከርኩ። አክስቴ ሰምታ ጨረሰችና «እና ታዲያ ምን አልኩ? አይበስልም አላልኩም?» አለች።

*

መሐላቸው ሸክላ በማይኖርበት ጊዜ የሚሆነውንም አይቻለሁ። በቅንድቤ ከፍዬ።

የመጀመሪያ ሥራዬን ደሴ ስጀምር ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ረመዳን ነበር። ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ ልጠብስ ዘይቱን ጣድኩ። ስልክ ተደወለ። ስመለስ ድስቱ ላይ ሰማያዊ ጭስ አለ፣ ከዚያ ነበልባል። ሰው እሳት ሲያይ የሚያደርገውን አደረግኩ። አንድ ጆግ ውሃ አንስቼ ቸለስኩበት።

የሆነውን በቃል መግለጽ ይከብዳል። እሳቱ አልጠፋም፤ ቆመ። እስከ ኮርኒሱ ድረስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ውሃ ከዘይት ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ታች ይሰምጣል። የሚነድ ዘይት ደግሞ ከ300 ዲግሪ በላይ ነው። ውሃው ከሥር እንደደረሰ ባንድ አፍታ እንፋሎት ይሆናል። ያ 1,600 እጥፍ ያልኳችሁ ነገር ድስቱ ሥር ሆነ ማለት ነው። ዘይቱን በትኖ ወደ ላይ ይወረውረዋል፤ የተበተነው ዘይት ደግሞ አየር እንደልቡ ስላገኘ ሁሉም ባንዴ ይነዳል። ቅንድቤ ሄደ። የግራ እጄ ላይ ዛሬም ጠባሳ አለ።

አከራዬ ጩኸቴን ሰምተው መጡ። አልሮጡም። ጋዙን አጠፉ፣ ከግድግዳው ላይ የምጣድ ክዳኑን፣ አክንባሎውን አነሱ፣ ከጎን አስጠግተው ድስቱ ላይ ደፉበት። እሳቱ አየር አጣ። ጸጥ አለ። «አብሽር ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ፊቴን አዩትና ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም። «ዘይት ክዳን እንጂ ውሃ አይወድም። እናትህ አልነገረችህም?» እናቴ አልነገረችኝም። ወንድ ልጅ ማድቤት ምን ይሠራል ተብዬ ያደግኩ ነኝ። ለዚህ ነው አሁን እኔ የምነግራችሁ፦ ዘይት ከተቀጣጠለ ጋዙን አጥፉ፣ ክደኑት፣ እስኪቀዘቅዝ አትክፈቱት፣ አታንቀሳቅሱት። ውሃ በጭራሽ።

ሲቃጠል ቆዳዬን የፈጀው ዘይቱ ነው። ግን አያቴ ሁልጊዜ የምትፈራው እንፋሎትን ነበር። አክንባሎ ስታነሳ ፊቷን ዞር ታደርጋለች። እንፋሎት ከፈላ ውሃ የባሰ የሚያቃጥለው ለምን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ለመትነን የበላውን ያን ሁሉ እሳት ተሸክሞ ይዞራል። ቀዝቃዛ ቆዳ ሲያገኝ ወደ ውሃነቱ ይመለስና ሸክሙን እዚያው ያራግፋል። ማንቆርቆሪያዬ ላይ ያረፈውም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ብረት ስለሆነ አልጮኸም እንጂ። እንጀራው ዓይን የሚያወጣውም በዚሁ እንፋሎት ነው። ሊጡ ሲቦካ የያዘው አየርና ውስጡ ያለው ውሃ ሞቀው ወደ ላይ ሲበሱ፣ በሩ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ላዩን ደግሞ የታፈነው እንፋሎት ያበስለዋል። ለዚህ ነው እንጀራ የማይገለበጠው።

አያቴ የፈላ ውሃ መሬት ላይ ስትደፋ «ቢስሚላህ» ሳትል አትደፋም። መሬት ውስጥ ያሉት እንዳይቃጠሉ ነው። ከሥር ያለው ነገር ግን ራሱ የፈላ መሆኑን ታውቃለች። ከኮምቦልቻ በታች በቦርከና ሸለቆ ፍል ውሃ አለ። ጉልበቷን ያማት ጊዜ ይዣት ሄጃለሁ። እንጨት የለ፣ ጭስ የለ፣ ውሃው ይፈላል። እግሯን ነክራ «ማነው የሚያነድላቸው?» አለችኝ።

ከዚያም ወዲያ፣ ሸንተረሩን ወርደህ አፋር በረሃ ውስጥ፣ ነገሩ ይብሳል። ዳባሁ የሚባለው እሳተ ገሞራ በመስከረም 1998 ዓ.ም. ሲፈነዳ ምድሪቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቃለች። እዚያው አካባቢ ቦይና በሚባል ቦታ ከመሬት እንፋሎት ይወጣል። ወንዝ የለም፣ ምንጭ የለም። አፋሮቹ በእንፋሎቱ አፍ ላይ ድንጋይ ይከምራሉ፣ ላዩን ይሸፍኑታል። እንፋሎቱ ወጥቶ ድንጋዩን ሲነካ ይቀዘቅዛል፣ ጠብ ጠብ ይላል፣ ታች ይጠራቀማል። ሰውም ከብትም ይጠጣል። ከላይ የተከመረው ድንጋይና የእኔ ማንቆርቆሪያ የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። ልዩነቱ እኔ አፈሰሰ ብዬ ልመልሰው መሄዴ ነው።

*

ባለፈው ወር ሐይቅ ሄጄ ነበር። አያቴ አርጅታለች። ከሰሏን ግን ዛሬም ራሷ ታያይዛለች። አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሬዲዮው ድምጹ ቀነሰ ብለው እየተቆጡ ነው። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ማንቆርቆሪያው፣ ስለ ባለሱቁ፣ እሳት ውሃ ስለ መውለዱ።

ለጋዝ ብቻ እንዳልሆነም ነገርኳት። እንጨትም ሃይድሮጅን አለው። 1 ኪሎ ደረቅ እንጨት ሲነድ ግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ ይወጣዋል። እርጥብ ከሆነ ከዚያም በላይ። በወጣትነቷ ከዳገቱ በጀርባዋ የምታወርደው አንድ ሸክም እንጨት 30 ኪሎ ቢሆን፣ ከ15 ሊትር ያላነሰ ውሃ ይወጣው ነበር። ነዶ፣ እንፋሎት ሆኖ፣ ከጭሱ ጋር በጣሪያው ወጥቶ ሄደ።

ስኒውን ልታቀርብልኝ የዘረጋችው እጇ ቆመ። ቁልቁል ሐይቁን አየችው። ከዚያ ዳገቱን አየችው። ጥዋት በዚህ በኩል እንጨት፣ ከሰዓት በዚያ በኩል እንስራ፤ ያን መንገድ እንደ መዳፏ ታውቀዋለች።

«ታዲያ ውሃውን ከዳገቱ ካመጣሁት፣ ሐይቅ ድረስ ደግሞ እንስራ ያሸከሙኝ ለምንድን ነው?» አለችና ወደ አባባ ዞረች።

አባባ ሬዲዮውን አጠፉ።